የጭንቀት ቴራፒስት በመጀመሪያ ቀን እፎይታ አይለካም

ሰሞኑን ስለ ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ዘመድ ልኮልኛል፣ የሥራ ባልደረባ ልኮልኛል፣ አንዳንድ ደንበኞቼም «አይተኸዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ሰው ለምን እንደወደደው ይገባኛል። ጽሑፉ ጭንቀት እብደት እንዳልሆነ ይናገራል። እርዳታ መፈለግ ነውር እንዳልሆነም ይናገራል። «ጠንከር በል እንጂ» እየተባለ ለኖረ ሰው ይህን ማንበብ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ በኩል ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

ችግሬ ከምክሩ ጋር ነው። ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው የሚጠቅመውን ባለሙያ ትቶ ከማይጠቅመው ጋር ሊከርም ይችላል። ሥራዬ ጭንቀት ካለባቸው ሰዎች ጋር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ላስቀምጥ። ጥሩ ቴራፒስት በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ቀሎህ ካልወጣህ አትመለስ። ጥሩ ቴራፒስት ያዳምጣል፤ የምትፈራውን ነገር አድርግ ብሎ አያስጨንቅም። በሃይማኖትም በብሔርም በጾታም የሚመስልህን ምረጥ፤ ሌላው አይረዳህም። ባለሙያን በጥያቄ አታዋክብ፤ ስም ያለውን ፈልገህ እመን። በመጨረሻም ከሳይካትሪስት፣ ማለትም ከአእምሮ ሐኪም፣ ራቅ፤ መድኃኒት ጽፎ ሱስ ያስይዝሃል። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ምክንያት አቅርበዋል። እኔም በየተራ እመልሳለሁ።

«ቀሎህ ካልወጣህ አትመለስ»

ሰው ከሰው ጋር ሲግባባ ወዲያው ይታወቀዋል፣ ልብ አይዋሽም ይላሉ ጸሐፊው። መግባባት ትልቅ ቦታ እንዳለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ በታካሚውና በቴራፒስቱ መካከል ያለው ትስስር ሲጠነክር ውጤቱም የተሻለ እንደሚሆን አሳይቷል። ግን ትስስር ሲባል ምን ማለት ነው? ኤድዋርድ ቦርዲን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ከፍለውታል፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ እና መተማመን። ጸሐፊው ሦስተኛውን ብቻ ይዘው ሁለቱን ጥለዋል። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ቀን የሚታዩ አይደሉም።

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የጥያቄ ቀን ነው። ጭንቀቱ መቼ ጀመረ? ምን ሲሆን ይብሳል? እንቅልፍስ? በቀን ስንት ስኒ ቡና ትጠጣለህ? ጫት ትቅማለህ? መጠጥስ? የልብ ወይም የእንቅርት ችግር አለ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ይህ ሁሉ ተጠይቆ ሰው ሳይቀለው ቢወጣ ምን ይገርማል? ለዓመታት የደበቀውን ያወጣ ሰው እንዲያውም የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። በሌላ በኩል ምንም ሳይጠይቅ አንድ ሰዓት ሙሉ «አይዞህ፣ ይገባኛል» የሚል ሰው ቀሎህ እንድትወጣ ሊያደርግ ይችላል። ሳምንቱ ሲዞር ግን ጭንቀቱ እዚያው ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በሁሉም ነገር ለሚጨነቅ ሰው የሚያዝዘው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና) በሳምንት አንዴ አንድ አንድ ሰዓት፣ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያዋን ሰዓት ብቻ አይቶ መፍረድ ችኩልነት ነው። እኔ እስከ አራተኛው ቀጠሮ ጠብቁ እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ባለሙያው ጭንቀታችሁ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዳችሁ ይገባል። ምን ላይ ለመድረስ እንደምትሠሩ ተስማምታችሁ መሆን አለበት። ቤት የምትሠሩት ነገርም መጀመር አለበት። አራት ጊዜ ሄዳችሁ ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ያኔ ስለ መቀየር አስቡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም እንዳለበት ገምቷል። ሕክምና የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስንት ነገር ተሻግሮ በሩ ላይ የደረሰን ሰው «ዛሬ ካልቀለለህ አትመለስ» ማለት ያሳዝነኛል።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ትቶ መውጣት የሚገባበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ከተቆጣችሁ፣ ካላገጠባችሁ፣ እምነታችሁን ካንቋሸሸ፣ ወይም የሌላ ታካሚ ጉዳይ በስም እየጠራ ካወራችሁ አትመለሱ። ዛሬ የእሱን ያወራላችሁ ነገ የእናንተን ያወራል።

«የምትፈራውን አድርግ የሚልህ ጨካኝ ነው»

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ጉዳዩ በደንብ እንዲታይ አንዲት ሴት እናስብ።

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። መንገዱ ተዘጋግቷል። ድንገት ልቧ መምታት ይጀምራል። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እጇን ይደነዝዛታል፣ «አሁን መሞቴ ነው» ትላለች። «ወራጅ አለ!» ብላ በሰው ጉልበት ላይ ተሻግራ ትወርዳለች። ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለች። የልብ ምርመራው ደህና ነው። «ጨጓራ ይሆናል፣ እረፍት አድርጊ» ተብላ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ታክሲ የምትገባው በሩ አጠገብ ቦታ ካገኘች ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ውኃ ሳትይዝ አትሳፈርም። ከዚያ እህቷ አብራት ካልሆነች አትወጣም። ከዚያ ጭራሽ ታክሲ ትታ ለራይድ አቅሟ የማይችለውን ትከፍላለች። በመጨረሻ ሥራዋን ስለ መልቀቅ ማሰብ ትጀምራለች።

ይህች ሴት ጸሐፊው ወደሚያወድሱት ቴራፒስት ሄደች እንበል። በደንብ ያዳምጣታል። «አይዞሽ፣ ለጊዜው ታክሲ ይቅርብሽ፣ ሲሻልሽ ትመለሺበታለሽ» ይላታል። በእርግጥ ቀሏት ትወጣለች። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከታክሲው በወረደች ቁጥር እፎይ ትላለች፤ እፎይ ባለች ቁጥር ደግሞ አእምሮዋ «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል። እዚያው ብትቆይ ምን ይሆን እንደነበር የማየት ዕድል አታገኝም። ስለዚህ ፍርሃቱ ከታክሲ ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ ሰው የበዛበት ቤተ ክርስቲያን እየሰፋ ይሄዳል። ቴራፒስቱ ሳያውቀው የፍርሃቱ አጋር ሆኗል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሌላ መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ ያስረዳል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና ራሱ ይወርዳል። ዴቪድ ክላርክ የተባሉት እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1986 እንደጻፉት፣ ፍርሃቱን የሚያባብሰው ሰውነት ላይ የሚሰማን ነገር የሞት ወይም የእብደት ምልክት አድርጎ መተርጎም ነው። ልብ ይመታል፤ «ልቤ ሊቆም ነው» ይባላል፤ ይህ ሐሳብ ራሱ ልብን የበለጠ ያስመታል።

ከዚያ ሥራው እዚያው ቢሮ ውስጥ ይጀመራል። ሐኪም ልቧን አይቶ ደህና መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ እንድትተነፍስ ይጠይቃታል። ደረጃ በሩጫ ትወጣለች። በምትዞር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሽከረከራለች። ያ የምትፈራው ስሜት፣ ልብ መምታቱም ማዞሩም፣ ይመጣል። ምንም ሳይሆን ይሄዳል። ቀጥሎ ሁለቱም ተስማምተው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ዝርዝር ያወጣሉ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ታክሲ መያዣው ጋ መቆም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ፌርማታ መሄድ። መሃል ላይ መቀመጥ። ውኃውን ቤት ትቶ መሄድ። ያለ እህቷ መሄድ። በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ከኋላ ጥግ። ከእያንዳንዱ በፊት ምን ይሆናል ብላ እንደምትፈራ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ «ራሴን እስታለሁ»። ስትመለስ የሆነውን ከጎኑ ትጽፋለች። ያቺ ወረቀት ከማንም ማጽናኛ በላይ ታሳምናለች፤ የጻፈችው ራሷ ናትና።

ይህ ዘዴ የአንድ ኃይለኛ ቴራፒስት ፈሊጥ አይደለም። ጆሴፍ ዎልፒ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ የመቅረብን ሕክምና ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አሮን ቤክ የተባሉት ሌላ የአእምሮ ሐኪም ሐሳብን የመፈተሽ ሕክምናቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በብዙ ሙከራ ተፈትነዋል። ዛሬ ለጭንቀት ከሚመከሩት የንግግር ሕክምናዎች ግንባር ቀደሙ ከሁለቱ የተገነባው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው።

ጸሐፊው ከፍታ የሚፈራ ሰው ምንም ሳይነገረው ፎቅ ላይ ተወስዶ ሕክምናውን ጥሎ እንደሄደ ያነሳሉ። ያ በእርግጥ ጥፋት ነው። ሳያስረዱና ሳያስፈቅዱ መግፋት ሕክምና አይባልም። አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልጨምር። ጦርነት ያየ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው የተለየ ዝግጅት ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልግ። እውነተኛ አደጋ ያለበትን ነገር እንድትጋፈጡም ማንም ሊጠይቃችሁ አይገባም። ማታ ዘረፋ ያለበትን ሰፈር መፍራት በሽታ አይደለም። ሕክምናው የሚመለከተው ከአደጋው በላይ የሆነውን ፍርሃት ነው።

ማዳመጥ ያስፈልጋል። ያላዳመጠ ሰው ከላይ ያለውን ዝርዝር ሊያወጣ አይችልም። ነገር ግን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ ያንኑ ስጋት በየሳምንቱ አውርታችሁ በየሳምንቱ «አይዞህ» ተብላችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ የምታገኙት የሳምንት ማስታገሻ ነው።

«የሚመስልህን ምረጥ»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቋንቋ ወሳኝ ነው። ልብ የሚነግረውን በሁለተኛ ቋንቋ መናገር ያደክማል። ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሴት ቴራፒስት ብትፈልግ ሙሉ መብቷ ነው፤ ማንም ሊከራከራት አይገባም።

ሃይማኖትና ብሔር ላይ ግን አልስማማም። ባለሙያው እምነታችሁን ሊያከብር ይገባል። የግድ ሊጋራው አይገባም። «ጸሎቴን ባቋርጥስ?» ወይም «ጸበል እየሄድኩ ነው» ስትሉት አፍንጫውን የማይነፋ፣ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኹ ጋር የማይፎካከር ሰው ይበቃል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ጸበሉንም ሕክምናውንም ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ የሚከለክለው ነገር የለም።

መመሳሰል ደግሞ ዋጋ አለው። ከአንድ ደብር፣ ከአንድ እድር፣ ከአንድ ማኅበር የሆነ ባለሙያ እናታችሁን ያውቃል፤ ባያውቃት እንኳ የሚያውቃትን ሰው ያውቃል። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ብዙዎች ዋናውን ነገር ደብቀው ዳር ዳሩን ያወራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ያደጉበትን የማይጋራ ሰው ፊት አንዳንዱ ነገር እንዲያውም ቀሎ ይወጣል።

በውጭ ላሉ ወገኖች ነገሩ ይበልጥ ይጠባል። በዋሽንግተንና በአካባቢው እንኳ፣ ሐበሻ በብዛት ባለበት፣ አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት እንደ ልብ አይገኝም። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ ቤቷ ቁጭ ብላ በቪዲዮ የምትታከም ሴት ባለሙያዋ ቨርጂኒያ ውስጥ ለመሥራት የተፈቀደላት መሆኗን ማጣራት አለባት። ከዚህ ጠባብ በር ላይ የብሔርና የሃይማኖት መስፈርት ከተጨመረ የሚቀረው ሰው ማን ነው? አማርኛ የሚችል ግን ስለ ጭንቀት ሕክምና የማያውቅ፣ ወይም ሥራውን የሚያውቅ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ቢገጥማችሁና እንግሊዝኛው የማያስቸግራችሁ ከሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

«ባለሙያን በጥያቄ አታዋክብ»

ጸሐፊው ይህን ያሉት ከአክብሮት ተነሥተው ነው። ሐኪም ፊት ቀና ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ እናቶቻችን «እሱ ያውቃል» ብለው ነው የሚወጡት። ግን ጭንቀት የሚታከመው አብሮ በመሥራት ነው። ጥያቄ የማይወድ ሰው ጋር አብሮ መሥራት እንዴት ይቻላል?

እነዚህን ጠይቁ። ከጭንቀት ጋር የመጡ ሰዎችን በምን ዓይነት መንገድ ነው የምትረዳው? በየሳምንቱ ምን እንሠራለን፣ ቤትስ ምን እሠራለሁ? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? ካልተሻለኝ ወደ ማን ትልከኛለህ? «እንደ ሁኔታው» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው አላረካኝም። «በየሁለት ሳምንቱ አጭር መጠይቅ እናደርጋለን፤ የምትሸሻቸውን ነገሮች ዘርዝረን አንድ በአንድ እንይዛለን» የሚል ሰው ግን ሥራውን ያውቃል። መጠይቁ ከባድ ነገር አይደለም። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ሰባት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ሲሆን 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቅርብ መታየት ያስፈልጋል።

ስምና ዝናን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ቲክቶክ ላይ ጥሩ መናገር አንድ ችሎታ ነው፤ ማከም ሌላ ችሎታ ነው። «በሦስት ቀን ከጭንቀት ነፃ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። «ዶክተር» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ሳይካትሪስትም ዶክተር ይባላል፣ በሥነ ልቦና ሦስተኛ ዲግሪ ያለውም ዶክተር ይባላል፣ በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለውም እንዲሁ። ምን እንደተማረና የት ሥር ሆኖ እንደተለማመደ ጠይቁ። የክሊኒኩን የሥራ ፈቃድም እዩ።

እርግጥ ነው፣ ምርጫ የሚባለው ነገር ለሁሉም የለም። አማኑኤልም ሆነ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ አውጥታችሁ የምትገቡት ተረኛ ወደሆነው ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ገና አነስተኛ ነው፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ። ብዙውን ሸክም የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ነርስ ደረሰኝ ብላችሁ አትከፉ። ለዓመታት በየቀኑ ጭንቀት ያለበትን ሰው ስታይ የኖረች ነርስ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ከብዙ ሰው በተሻለ ልትመልስላችሁ ትችላለች። ጠይቋት።

«ከሳይካትሪስት ራቅ»

ጸሐፊው ሱስ ያሉትን ሲያብራሩ የሚጠቅሱት ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ነው። ስለ ዲያዜፓም ያሉት ትክክል ነው። እሱና መሰሎቹ ወዲያው ያረጋጋሉ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰዱ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ወይም ያለ ሐኪም ደጋግሞ መግዛት ጉዳት አለው። ያነሱት አደጋ እውነት ነው።

ስህተታቸው ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ከረጢት መክተታቸው ላይ ነው። ለጭንቀት በመጀመሪያ የሚታዘዙት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። እነዚህ እንደ ዲያዜፓም ወዲያው አያረጋጉም፤ ሥራቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማቅለሽለሽ ወይም የመረበሽ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው ያኔ ነው። ምክር ሳይጠየቅ በድንገት ማቆምም ሌላ ችግር ያመጣል፤ የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ሳይካትሪስት ወይም ሌላ ሐኪም የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ይህ ሰው ለወራት ስለ ልጅነቱ ቢያወራ የሚያገኘው ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። ደም ማነስም ድካምና የልብ ምት ያመጣል። ጥሩ ቴራፒስት «ሐኪም አይቶሃል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ በዚህ ምክንያት ነው፤ ካልጠየቀ እናንተ አንሡት።

ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ ለቀናት ያልበላ ወይም ያልተኛ ሰው ከላይ ያለውን የታክሲ ሥራ ሊጀምር አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱ ሥራውን ለመጀመር አቅም ይሰጠዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን፣ ሰው ይዞ፣ አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሁለቱንም ባለሙያ የምታዩ ከሆነ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ፈቃዳችሁን ስጧቸው፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠንም ጽፋችሁ ለሁለቱም አሳዩ።